የመደርደሪያ ደብዳቤዎች

ሥራዬ ሰው መጎንተል ነው። መምታት አይደለም፣ መግፋትም አይደለም፤ ጎንተል ማድረግ ብቻ። ሰውየው ማን እንደነካው ሳያይ፣ «ወድጄና ፈቅጄ መረጥኩ» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ማድረግ። በአንድ የሱፐርማርኬት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ተቀምጬ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሠርቻለሁ። መታወቂያዬ ላይ «የደንበኞች ምርጫ ባለሙያ» ይላል። ደንበኞች የሚመርጡትን የምመርጥላቸው እኔ ስለሆንኩ ማዕረጉ ውሸት አይባልም።

ወተት ሊገዙ ገብተው ሻምፑ፣ ሁለት ፎጣና የማይፈልጉት የአበባ ማስቀመጫ ይዘው የወጡ ከሆነ አመሰግናለሁ፤ ወተቱን መጨረሻው ግድግዳ ድረስ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጋሪው የተለቀው ለእርስዎ ምቾት አይደለም፤ ባዶነቱ እንዲያሳፍርዎ ነው። ሙዚቃው የሚንቀረፈፈው ዘፋኙ ስላዘነ አይደለም፤ እርምጃዎ እንዲዘገይ ነው። ማንም የማይገዛውን ውድ ብርድ ልብስ ከመካከለኛው ጎን የማስቀምጠውም፣ መካከለኛውን «ይሄማ ርካሽ ነው» ብለው እንዲያነሱልኝ ነው። አሁን ሳወራው አንገቴን ደፍቼ ነው፤ ያኔ ግን ግብዣ ላይ እያወራሁ ሰው አስቅበት ነበር።

አለቃዬን ሁላችንም «ፐርሰንቱ» እንለዋለን፤ በፊቱ ሳይሆን ከጀርባው። ሰውየው ከመቶኛ ውጪ ቋንቋ የለውም። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለደች ጊዜ ቢሮ ገብቶ «ቤተሰባችን በሃምሳ በመቶ አደገ» ብሎ ነው ያበሰረን።

ከዕለታት አንድ ቀን ይኸው ፐርሰንቱ አስጠራኝና አዲስ ሐሳብ እንደመጣለት ነገረኝ።

«የታተመ ማስታወቂያ ሰው ማመን ትቷል» አለኝ። «በእጅ የተጻፈ ካርድ ግን የሰው እጅ ይመስላል።»

«የሰው እጅ እኮ ነው» አልኩት።

«ይመስላል ነው ያልኩህ» አለ። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

የፎቁ ሠራተኛ በሙሉ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ታዘዘ። የሒሳብ ሹሙ ጽሑፍ የመድኃኒት ማዘዣ መሰለ። የጸሐፊዋ ደግሞ ከማማሩ የተነሳ የሠርግ ጥሪ ሆነ። የእኔን ሲያይ ፐርሰንቱ ዓይኑ በራ። ክብ፣ ቀጥ ያለ፣ ትንሽ የልጅ ነገር ያለበት ጽሑፍ ነው። «ይህ እጅ ዋሽቶ አያውቅም» አለ በአድናቆት፤ ከዚያም እንዲዋሽ ቀጠረው።

ምስጋናው የእናቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል ስታስተምር የኖረች ሴት ናት፤ እኔም ከተማሪዎቿ አንዱ ነበርኩ። እጄን በእጇ ይዛ ነው ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ ፊደል ያስጻፈችኝ። ቤት ስንገባ ደግሞ እንደ እናት አይደለም፣ እንደገና እንደ አስተማሪ ታስጽፈኝ ነበር። ዛሬም ስጽፍ እጄ ላይ እጇ ያለ ይመስለኛል።

በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በወፍራም ካርድ ላይ ጻፍኩ። መግቢያው ላይ የሚሰቀለው «እንኳን ደህና መጡ፤ ጠፍተውብን ነበር» ይላል። የብስኩቱ «ይህን ለእርስዎ ብለን አስቀምጠነዋል» ይላል። ለሻምፑውም የሚሆን ማቆላመጫ አልጠፋም። የፐርሰንቱ ወርቅ ግን የሾርባው ካርድ ነበር፦ «ዛሬ ደክሞዎታል። ይህን ሞቅ አድርገው ይጠጡና አረፍ ይበሉ። እናስብልዎታለን።» ሾርባው በቢጫ ፓኬት የሚሸጥ ዱቄት ሲሆን፣ አንዱ ፓኬት ውስጥ ለአንድ በሬ የሚበቃ ጨው አለ። የድርጅቱ ጠበቃ ካርዱን ከላይ እስከ ታች መርምሮ፣ «‹እናስብልዎታለን› ማለት ‹ለጤና ጥሩ ነው› ማለት አይደለም፤ ማንም ሊከሰን አይችልም» ብሎ ፈረመበት። እንግዲህ ይህን ያህል ነበር የምናስበው።

ሙከራው በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ እንዲጀመር ተወሰነ። የተመረጠው የአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ያለው ትንሹ ሱቅ ነው፤ ነገሩ ቢከሽፍ ማንም እንዳያይብን። ሱቁ ከእናቴ ቤት ሁለት መንገድ ነው የሚርቀው። «ጥሩ ሆነ፤ ሥራዬን ለማየት ስሄድ እግረ መንገዴን እናቴን አያለሁ» አልኩ። በአራት ወር ውስጥ ሥራዬን ሰባት ጊዜ አየሁ። እናቴን አንድ ጊዜም አላየሁ።

ውጤቱ ሲመጣ ፐርሰንቱ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተው። ሾርባው ሦስት መቶ በመቶ አድጓል። በግልጽ አማርኛ፣ በሳምንት አምስት ፓኬት ይሸጥ የነበረው ሃያ ገብቷል ማለት ነው፤ ግን በቢሯችን እንዲህ ያለ ግልጽ አማርኛ የሚናገር ሰው አይወደድም። ሻምፑው አልተነቃነቀም። ብስኩቱም ባለበት ቆሟል። ፐርሰንቱ ለዚህም መልስ አላጣም፦ «ሾርባ የስሜት ዕቃ ነው» አለ።

ከሁሉ ያስፈነደቀው ግን ሌላ ነበር። ካርዶቹ ይጠፋሉ። የተሰቀለ ካርድ ሁለት ቀን አያድርም፤ እኔም እየጻፍኩ እልካለሁ፣ እነሱም እየሰቀሉ ያጣሉ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ነገሩን በስርቆት መዝግቦ ሲልክልን፣ ፐርሰንቱ ወረቀቱን ወደ ላይ አንስቶ ጮኸ።

«ካርዱን ቤቱ ይወስደዋል! ገባህ? ደንበኛ ማስታወቂያችንን ሰርቆ ይሄዳል! ይህ እኮ ፍቅር ነው!»

የሚመጣው ሐሙስ ቦርዱ ይሰበሰባል። እኔ ውጤቱን አቀርባለሁ፣ ካርዱ ወደ ሁሉም ቅርንጫፎች ይወርዳል፣ እኔም የአዲሱ ክፍል ኃላፊ ሆኜ መስኮት ያለው ቢሮ እገባለሁ። መስኮቱን ፈልጌው ነበር፤ አልዋሽም። ስምንት ዓመት የፎቶ ኮፒ ቀለም ሲያሸት የኖረ አፍንጫ ንጹሕ አየር ያምረዋል።

እዚህ ላይ ነው እህቴ የደወለችው። ታላቄ ናት፣ ነርስ ናት፣ ሰላምታ አታውቅም።

«የእማዬ ግፊት መቶ ዘጠና ገብቷል» አለች።

«መድኃኒቷን አትወስድም?»

«ፊቴ ነው የምትውጠው። ሐኪሙ ጨው ነው ይላል። እሷ ደግሞ ጨው ከቤቴ ካወጣሁ ዓመቴ ነው ትላለች። የሚዋሽ ሰው አፍ ደግሞ አይደለም አፏ። እስኪ ልይ ብዬ ጨው ማስቀመጫውን ከፈትኩ፣ ደርቆ ታጥቦ ተቀምጧል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሐኪሙ ምን እንዳለ ልንገርህ? በዚህ ከቀጠለች አንድ ቀን ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ይላታል አለ። ወይም ጭራሹኑ…» አልጨረሰችውም። «እኔ በሁለት አውቶቡስ ነው የምመጣው። አንተ ቅርቧ ነህ። ሂድና ምን እንደምትበላ እይ።»

ቅርቧ ነህ ስትለኝ ፊቴ ጋለ። በስልክ መሆኑ በጀኝ።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ምን ይዤ ልሂድ እያልኩ፣ ለምን አልመጣህም ስትለኝ ምን እመልሳለሁ እያልኩ በሩን አንኳኳሁ። እናቴ ከፈተች። የማስተማሪያ ሹራቧን ለብሳለች፤ ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሹራቡ ግን ጡረታ አልወጣም። ጠበቅኩ፣ ወቀሳ የለም። ፊቷ ፈካ።

«ውይ የኔ ጌታ! ዛሬ ደግሞ በአካል!» አለችና አገላብጣ ሳመችኝ።

«ዛሬ ደግሞ በአካል» ያለችው ነገር ግራ ገባኝ፤ ግን ሳትቆጣኝ መቅረቷ ደስ ስላለኝ አልጠየቅኩም። ከወንበሩ ላይ የተከመረ ጋዜጣ አንስታ አስቀመጠችኝ።

«ቆይ፣ ያን ሾርባህን ላሙቅልህ» ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ሾርባህን። ይህንንም አሳለፍኩት። ሳህኑ መጥቶ አንድ ማንኪያ ስቀምስ ግን ምላሴ ተኮማተረ። ጣዕሙን አውቀዋለሁ። ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁና ቁም ሳጥኑን ከፈትኩት። ቢጫ ፓኬቶች በቁመት በቁመታቸው፣ እንደ ጠዋት ሰልፍ ተማሪዎች ተደርድረዋል። አንዱን ፓኬት አነሳሁ።

«እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ማን ነው የሚጠጣው?»

«እኔ ነኛ። ምሳ ላይ አንድ፣ ራት ላይ አንድ። አንዳንዴ ደግሞ እንግዳ ከመጣ ብዬ አንድ እጨምራለሁ።»

ሁለት በቀን፣ በሳምንት አሥራ አራት፣ ከእንግዳው ጋር አሥራ አምስት። አምስት ላይ አሥራ አምስት ሲደመር ሃያ። ሦስት መቶ በመቶ ማለት እንግዲህ እናቴ ናት። የስሜት ዕቃው፣ የገበያው አዝማሚያ፣ ሐሙስ ለቦርዱ በቀለም ሥዕል የማቀርበው ወደ ላይ የሚወጣ መስመር፣ የአንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ምሳና ራት ነበር።

ዘወር ስል ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ደብተር ከፍታ ትጠብቀኛለች። ካርዶቼ ናቸው። አንድ ሳይቀር፣ በሙጫ ተለጥፈው፣ ከሥራቸው ቀን ተጽፎባቸው። ሌባዋም ተገኘች። በየካርዱ ጥግ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ አርማዋለች፦ «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «እዚህ ጋ ቸኩለሃል»፣ «መስመር ጠብቅ»።

ደብተሩን በጣቴ ጠቆምኩ። «እማዬ… ይሄ ምንድን ነው?»

«ደብዳቤዎችህ ናቸዋ» አለች፣ ደብተሩን በመዳፏ እየዳበሰች። «አልደብቅህም፣ ተቀይሜህ ነበር። ስደውል ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ስደውል መንገድ ላይ ነኝ። እናት የለውም እንዴ ይሄ ልጅ እል ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ስገባ ከበሩ ላይ ‹ጠፍተውብን ነበር› ይላል። ጽሑፉን ሳየው ወዲያው አወቅኩት። በእጄ ይዤ ያስተማርኩትን እጅ አጣዋለሁ?»

«ግን እኮ እማዬ… ‹እርስዎ› ነው የሚለው።»

«ታዲያ ሰው በሚያልፍበት እናቱን ‹አንቺ› የሚል ስድ ነው ያሳደግኩት?»

«ሱቅ ነው እኮ፣ ስንት ሰው ይገባል…»

«አጣርቻለሁ» አለች፣ ኮራ ብላ። «ትልቁ መንገድ ላይ ያለው ሱቃችሁ ሄድኩ፤ የለም። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለውም ሄድኩ፤ የለም። ከዚያ ሁሉ ሱቅ እናትህ ሰፈር ባለው ላይ ብቻ የሚሰቀለው ለማን ብለህ ነው? ለአላፊ አግዳሚው?»

ሦስት ፎቅ ሙሉ ባለሙያ ካርዱ ያለበትን ሱቅ ከሌለበት ጋር ሄዶ ለማስተያየት አላሰበም። እሷ በአውቶቡስ ዞራ አረጋግጣለች። ድምዳሜዋ ብቻ ነው የተሳሳተው፤ እሱም የእሷ ጥፋት አልነበረም።

«ሾርባውንስ ለምን ትገዢዋለሽ?»

«‹ደክሞሻል፣ ጠጪና አረፍ በይ› አልከኝ። እውነትም ደክሞኝ ነበር።» ወደ ሳህኑ ተመለከተች። «እሱን ስጠጣ ብቻዬን የምበላ አይመስለኝም።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «እማዬ፣ ላንቺ አልጻፍኩም» ማለት ሦስት ቃል ነው። አንጀቴን በላችው። ሾርባው ጨው እንደሆነ፣ ሐኪሙ የሚለው እውነት እንደሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንድትተወው ብቻ ነገርኳት። «እሺ» አለች። እናቴ «እሺ» ስትል በር ዘጋች ማለት ነው። ልጅ ሆኜም አውቀዋለሁ።

ሰኞ እህቴ ደወለች። «መቶ ዘጠና አምስት። ሾርባው እንደሆነ ደረስኩበት፤ ጣዪው ስላት ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ፊቴ ሲሆን ሐኪሙን ፈርቶ ይከለክለኛል፤ በጽሑፍ የሚለኝ ግን ሌላ ነው› አለችኝ። ዛሬ ጠዋት አዲስ መጥቶልኛል ትላለች። ምንድን ነው የምትጽፍላት?»

ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ።

«ንገራት» አለች።

«ምን ብዬ? ያ ሁሉ ካርድ ያንቺ አልነበረም ልበላት?»

«አዎ!»

«አንቺ ንገሪያት።»

«እኔ ጻፍኩ?» አለችና ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ማክሰኞ ፐርሰንቱ ዘንድ ገባሁ። ሻይ እያማሰለ የሐሙሱን ሥዕሎች ያያል።

«የሾርባውን ካርድ እናውርደው» አልኩት።

«ወርቁን? ታመሃል?»

«ሾርባውን የሚገዛው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንስ? ካርዱንም የሚወስደው እሱው ቢሆንስ?»

ትንሽ አሰበ። «እንዲያ ከሆነማ ታማኝ ደንበኛ ይባላል» አለ።

«እናቴ ናት።»

ይደነግጣል ብዬ ነበር። ፊቱ እንደ ፀሐይ በራ። «እናትህም ወደደችው! አየህ? የራሳችን ቤተሰብ እንኳን አልተረፈም!»

«ግፊት አለባት። ጨዉ ሊገድላት ነው።»

«እግዜር ይማርልህ» አለ ከልቡ፣ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ እያስቀመጠ። «ከሐሙስ በኋላ እናስብበታለን።»

ወጣሁ። በሩን በርግጫ ብለው ይሻል ነበር፤ ቀስ አድርጌ ነው የዘጋሁት። ስለ እናቴ የተቆጣሁ መስሎኝ ስወጣ፣ የማስበው ግን መስኮት ያለውን ቢሮ ነበር። ይህን ስጽፍ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ረቡዕ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ደረስኩ። እናቴ ቤቷን ጠርጋ፣ ዜና ሰምታ፣ አራት ሰዓት ላይ እንደምትመጣ አውቃለሁ። የሾርባውን ካርድ አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። ከጋሪዎቹ አጠገብ ቆሜ ባዶ ካርድ አወጣሁ። በአፍ ያልኳትን ካልሰማች በጽሑፍ ትሰማለች፤ የቀሩት ካርዶችም የእሷ እንደሆኑ ይቆያሉ። በእኔ ቤት ማንንም ሳልጎዳ ልወጣ ነው። መጀመሪያ የወጣልኝ «ውድ እናታችን፣ ለጤናዎ በማሰብ…» የሚል ነበር። እጄ ሌላ ቋንቋ ረስቷል። ቀደድኩት። ሁለተኛውንም ቀደድኩት። ሦስተኛው ላይ ተናደድኩና እንደመጣልኝ ጻፍኩ።

«እማዬ! ይሄን ሾርባ አትግዢ አላልኩሽም? ጨው ብቻ ነው እኮ! አንቺ ብትሞቺብኝ እኔን ምን ይውጠኛል? እባክሽን ተይው። ዛሬ ከሥራ እንደወጣሁ እመጣለሁ።»

መስመሩ ተንጋዷል፣ ፊደሉ ተንጋዷል። ሰቀልኩት። ዕቃ የምትደረድረው ሠራተኛ ቀረብ ብላ አነበበችው፣ እኔንም አየችኝ።

«ይሄ… ይፈቀዳል?»

«የደንበኞች ምርጫ ባለሙያ ነኝ» አልኳት። ያ ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ነገር ጠቀመኝ።

አንድ ወፍራም ሰውዬ መጣ፤ ፓኬት አነሳ፣ ካርዱን አነበበ፣ ፓኬቱን መለሰው። ሄደ ስል ቆመ። ስልኩን አወጣ። «ሄሎ እማማ፣ እንዴት ነሽ? … ኧረ ምንም አልሆንኩም። … እንዲሁ ነው የደወልኩት፣ እንዲሁ» እያለ ጋሪውን እየገፋ ሄደ። በስምንት ዓመት ሥራዬ አንድ ደንበኛ ሱቃችን ውስጥ ለራሱ የሚረባ ነገር ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ነው። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል እናቴን ፊት ለፊት ማየት ፈራሁና ወደ ቢሮ ፈረጠጥኩ።

ከምሳ በፊት ፐርሰንቱ አስጠራኝ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ፎቶ ልኮለታል። ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ «ይሄን ማን ነው የጻፈው?» አለ።

«እኔ ነኝ።» ዕቃዬን በስንት ካርቶን እንደምጭን ማስላት ጀምሬያለሁ።

«ሊቅ ነህ!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው ሾርባውን አልነካውም! መቶ በመቶ! እንዲህ ያለ ካርድ በዓለም የለም። ነገ ከኛ ላይ አውርደን በተፎካካሪዎቻችን ሾርባ ላይ እንሰቅለዋለን። ‹እማዬ አትግዢ!› ለአባትም አንድ ጻፍ። ለአያትም ጻፍ። ያቺን የተንጋደደች መስመር ግን እንዳትነካት፣ እሷ ናት ሰው የምትገድለው። ቦርዱ ፊት በዚህ ነው የምትጀምረው።»

አየሁት። ሰውየው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«አልጽፍም» አልኩ።

«ምን ማለት ነው አልጽፍም?»

«ነገም አላቀርብም።»

«መስኮት ያለው ቢሮስ?»

«ለሌላ ሰው ይስጡት።»

«ዘጠና በመቶ ያለቀ ነገር እኮ ነው!» ሲል ትቼው ወጣሁ። በሩን ያን ጊዜ ደህና አድርጌ ዘጋሁት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ ቤት ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እናቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች፤ አልተነሳችም፣ አልሳመችኝም። የጠዋቱ ካርድ ከፊቷ ነው። ደብተሩም አጠገቧ ነው፣ አልለጠፈችውም።

«ተቀመጥ» አለች፣ አንደኛ ክፍል በነበርኩበት ድምፅ።

ተቀመጥኩ። «ሾርባውን አልገዛሽም አይደል?»

«አልገዛሁም። ከእንግዲህም አልገዛም። ያሉትንም አውጥቼ ጥያለሁ።»

እፎይ አልኩ። ከትከሻዬ ላይ ከባድ ነገር የወረደልኝ መስሎኝ፣ እህቴን በምን ቃል እንደማበስራት እያሰብኩ ነበር። እናቴ ካርዱን በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው።

«ይኼ ያንተ ነው» አለች። «ሳትተነፍስ ነው የጻፍከው። ስትፈራ ትቆጣለህ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲህ ነህ። እሱን ሳነብ ድምፅህን ሰማሁት።» ደብተሩን ከፈተችና አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ ገለጠች። «ከሱ ጋር ሳስተያያቸው በእነዚህ ውስጥ ድምፅህ የለም። እነዚህ የማን ናቸው?»

ሥራዬ ሰው ምን መስማት እንደሚፈልግ ማወቅ ነው። መልሱ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፦ ሁሉም ያንቺ ናቸው እማዬ። ዓይኗ ግን ወረቀት አርሞ የኖረ ዓይን ነው።

«የሱቁ ናቸው» አልኳት። «ለገባ ሰው ሁሉ ነው የጻፍኳቸው። ማን እንደሚያነባቸው አላሰብኩም ነበር። አንቺንም አላሰብኩሽም። ይቅር በይኝ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። የደብተሩን ጠርዝ ደጋግማ አስተካከለች፣ ሹራቧን አስተካከለች።

«እኔ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ይጽፍልኛል ብዬ…» አለችና ተወችው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቀና አለች። «እንግዲያ የኔም መልስ አልደረሰህም።»

«የምን መልስ?»

«በሱቁ ሳጥን የምከትልህ ነዋ። መውጫው ጋ ‹አስተያየት› የሚል ሳጥን አለ አይደል? አንተ በሱቁ ከጻፍክልኝ እኔም በሱቁ ልመልስልህ ብዬ በየሳምንቱ እከት ነበር።»

ያን ሳጥን አውቀዋለሁ። ያሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ በደረት ቁመት፣ ከመውጫው በስተቀኝ። የተናደደ ሰው ወረቀት አጥፎ ቀዳዳ ውስጥ ከከተተ ንዴቱ ይበርድለታል፣ ነገ ተመልሶ ይመጣል። ማን ይከፍተዋል የሚለው በጥናቱ ውስጥ አልነበረም። ቁልፉ እንኳን የት እንደገባ አይታወቅም።

ሐሙስ ጠዋት ቦርዱ ሲሰበሰብ እኔ ከጥበቃው መፍቻ ተውሼ የሳጥኑን ብሎን እየፈታሁ ነበር። ስልኬ ሦስቴ ጮኸ፤ ፐርሰንቱ ነው፤ አላነሳሁም። ክዳኑ ሲነሳ የብዙ ሰው ወረቀት ተዘረገፈ። «ወተቱን ለምን አርቃችሁ ታስቀምጣላችሁ? እግሬን ያመኛል» ይላል አንዱ። ከመሀላቸው የእናቴን ለመለየት ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ከተማሪ ደብተር የተቀደደ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነው። አሥራ ስድስት ናቸው። እዚያው ቆሜ የመጀመሪያውን ከፈትኩ።

«ልጄ፣ ደብዳቤህ ደረሰኝ። በጣም ደስ አለኝ። ሾርባው ጥሩ ነው። ትንሽ ጨው በዛብኝ፣ ግን አንተ ካልክ እጠጣዋለሁ።»

ሁለተኛውን ከፈትኩ።

«ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። የመታጠቢያ ቤቱ አምፖል ተቃጠለ። ወንበር ላይ ልወጣ ብዬ ራሴን አዞረኝና ተውኩት። አሁን ሻማ ይዤ እገባለሁ። አይቸኩልም፣ ሲመችህ።»

ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ስለ ሌላ ስለ ሌላ ነገር ይጀምራሉ፤ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ ጉልበቷ። ሁሉም መጨረሻ ላይ አምፖሉን አስታውሰው «አይቸኩልም» ይላሉ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ሳይቀር አይቸኩልም። ባለፈው ሳምንት በዚያ መታጠቢያ ቤት እጄን ታጥቤያለሁ። ማብሪያውን ስጫነው እምቢ ሲል፣ መብራት ጠፍቶ ይሆናል ብዬ በጨለማ ታጥቤ ወጥቻለሁ።

ሱቁ መሀል ቆሜ አለቀስኩ። ሰው አየኝ፤ ይየኝ። ከዚያ አምፖል ገዛሁና ሁለቱን መንገድ እየሮጥኩ ሄድኩ። እናቴ በሩን ስትከፍት ፀጉሯን ገና አላበጠረችም። እጄን አየች፣ ሰዓቱን አየች።

«ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ?» አለች።

«የለኝም። ወንበሩን ያዢልኝ።»